ቀሚስ የለበሰችው ካራቫን

እትዬ ለተብርሃን ማረፏን የነገረኝ ሰዒድ ነው። ሰዒድ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሱቅ፣ ሞያሌ መጋዘን ያለው፣ በሁለቱ መካከል በጭነት መኪናው ሲመላለስ ያረጀ የድሮ ወዳጃችን ነው። የደወለልኝ ከይርጋለም ነበር። ቀብሩ ትናንት እንደተፈጸመ፣ ሰው ብዙ እንደመጣ፣ ድንኳን መትከል ሳያስፈልግ ለቀስተኛው ከካራቫኗ ሸራ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ አወራልኝ። አረንጓዴና ነጩ ሸራ አሁንም አለ፤ ነጩ ብቻ ነጭ መሆኑን ትቷል አለኝ።

እንባዬን ሳልጠርግ፣ "ሰዒድ፣ እስቲ ጎማውን እይልኝ" አልኩት።

"የምኑን ጎማ?"

"የካራቫኗን። ንፋስ አለው ወይ?"

"ሰውዬ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነኝ!" አለ። ወዲያው ግን፣ "እሺ፣ ሰዉ ቀለል ሲል አየውና መልሼ እደውላለሁ" አለኝና ዘጋው። እሱም ያውቃታላ።

ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ እየጠበቅኩ ነው። ዝም ብሎ መጠበቅ ስላልሆነልኝ ስለ እሷ ልጻፍ።

የተዋወቅነው በደርግ ዘመን፣ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ አንድ ህንዳዊ በከፈተው ወርክሾፕ ነው። ወርክሾፑ ሳፋሪ የሚሄዱ ፈረንጆች ከመኪናቸው ኋላ የሚጎትቷቸውን ካራቫኖች ያድሳል። ካራቫን ላላየ ሰው፣ አልጋና ምድጃ ያለው የላሜራ ቤት ነው፤ ሁለት ጎማ ብቻ ነው ያለው። እኔ በርና መስኮት እገጥማለሁ። እሷ ከሸራ፣ ከስፖንጅና ከመጋረጃ ጋር ትታገላለች።

አጭር፣ ክንደ ደንዳና፣ ሜትር ከአንገቷ የማይወርድ ሴት ነበረች። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ነው የምታወራው፤ ስትቆጣም ስፒሉን አታወጣውም። ማሽኑ መርፌ የሰበረባት ቀን ህንዱ አለቃችን ራሱ በዚያ በኩል አያልፍም። የተወለደችው አሥመራ ነው። አግብታ አዲስ አበባ መጣች፤ ትዳሯ ገና ሳይጠና ባሏን ከቢሮው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። እሷም በሞያሌ በኩል ወጣች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ሸራ እየቀደደች።

አንቱ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ታላቄ ናት። "ዋእ! ስንት ዓመቴ መስሎህ ነው?" ብላ ከለከለችኝ። እትዬ የምትለዋን ግን ተወችልኝ።

ካራቫኗን ያገኘቻት እንዲህ ነው። አንድ ደንበኛ አሮጌ ካራቫኑን ለእድሳት ብሎ ወርክሾፑ ግቢ አምጥቶ ጥሎ ጠፋ። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ የዘበኛው ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉት እሷ ውስጥ ነበር። አለቃችን ግቢው ጠበበው። "ማማ፣ አንቺ ውሰጃትና ገላግዪኝ" አላት፤ እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በነጋታው ዶሮዎቹን አባረረች።

ማቆሚያ የሰጣት ኪሌሌሽዋ ሠፈር የሚኖር፣ ሁላችንም ምዋሊሙ የምንለው ጡረተኛ ኬንያዊ አስተማሪ ነው። ከቤቱ ጀርባ አንድ ትልቅ አቮካዶ ዛፍ ነበረ። ለምን እንደፈቀደላት በኋላ ስጠይቀው፣ "እቃ ታስቀምጣለች ብዬ እንጂ ሰው ይገባበታል ብዬ ነው እንዴ!" አለኝ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ዛፉን እፈልገዋለሁ፤ እንደሌለ እያወቅኩ።

እትዬ ለተብርሃን ጣሪያውን በማስቲሽ ከደፈነች በኋላ ቀጥታ ወደ ጌጡ ሄደች። ዳንቴል ያለው መጋረጃ ሰቀለች። ትራሶቹን ቀይ ቬልቬት አለበሰች። ከፊት ለፊቱ መስኮት በላይ ለሥዕለ ማርያም መደርደሪያ አሠራችኝ፤ በሩ ላይ መስታወት አስገጠመችኝ።

"እትዬ፣ መጀመሪያ እግር ያስፈልጋታል" አልኳት። ቆማ የምትውል ካራቫን በአራቱ ማዕዘን የሚወርድ የብረት እግር አላት፤ የዚህችኛዋ ወልቆ ጠፍቷል።

"መጀመሪያ ትመር" አለችኝ። "እግሩ የትም አይሄድም።"

ለጎማው ግን ቀልድ አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር የሚረገጠውን ፖምፓ ይዛ ትወጣለች። ሁለቱንም ጎማ ትሞላለች፤ ከዚያ እንደ ሐብሐብ በጣቷ እያንኳኳች ታዳምጣለች። የማትሄድ ካራቫን ጎማ መንፋት ምን ይባላል ብዬ የሳቅኩባት ቀን ነው ምክንያቱን የሰማሁት።

"ሁለት ቤት ጥዬ ወጥቻለሁ" አለችኝ። "አንዱን አሥመራ፣ አንዱን አዲስ አበባ። ሦስተኛውን ጥዬ አልወጣም። ይዤው ነው የምሄደው።"

ያን ጊዜ እኛ ስደተኞቹ የቁስቋም ማኅበር ነበረን። እመቤታችን በስደቷ ያረፈችበት ቦታ ነውና ከዚህ የተሻለ ለእኛ የሚስማማ አልነበረም። በየወሩ በስድስተኛው ቀን፣ ሥራ ከሆነብን በሚቀጥለው እሑድ፣ በየተራ አንዱ ቤት እንሰበሰባለን። ቄሱ ጽዋውን ባርከው እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ የአገር ወሬ እንቀባበላለን። ጌሾውን ከሞያሌ የሚያመጣልን ሰዒድ ነው። ሙስሊም ስለሆነ ጠላውን አይቀምስም፤ "እኔ የጫንኩት ቅጠል ነው" ይል ነበር።

ዘመድ ለሌለው ሰው ማኅበሩ ዘመድ ነው። ግን ተራ የሌለው ሰው እንደ እንግዳ ነው፤ ሰው ቤት ይበላል፣ ሰው ቤት ይጠጣል፣ የእሱን ደጅ የሚያንኳኳ የለም። እትዬ ለተብርሃን የምትከራየው የአንድ አልጋ ክፍል በነበረ ጊዜ ስንት ዓመት እንዲህ ኖራለች። ካራቫኗን ባገኘች በዓመቱ ተራ ስጡኝ አለች። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ይርጋለም ተወልደው ዳኛ ሆነው የኖሩ፣ ረጅም፣ ባለ ከዘራ ሽማግሌ ናቸው። ሥልጣናቸውም ንብረታቸውም አገር ቤት ቀርቶ መፍረድ ብቻ አብሯቸው ተሰዷል። በስንት ማንገራገር የኅዳር ቁስቋምን ሰጧት፤ ዋናውን በዓል።

ያን እሑድ ዝናብ ጣለ። ዛፉ ሥር እንቀመጣለን ያልነው ሁሉ ቀረና አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረብን ካራቫኗ ውስጥ ገባን። ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ እርጥብ ጋቢው፣ ሽታው እስከ አሁን ድረስ አለኝ። እትዬ ለተብርሃን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ቄሳችን በመጨረሻ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መጡ። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ ሲያኖሩ እንደ ደንባችን ሁላችንም "ኖር!" ብለን ብድግ አልን። ብድግ ማለት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የክብሩ ቦታ ከፊት ከሥዕሏ ሥር ነውና፣ እሱን ለቄሱ ለመልቀቅ አንዱ ሌላውን "እለፍ፣ ግድ የለም እለፍ" እያለ ማኅበርተኛው በሙሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ጋሽ ወርቁ ራሳቸው በትሕትና መጨረሻው ግድግዳ ድረስ ሄዱ። ባለ ሁለት ጎማ ካራቫን ደግሞ መሐሏ ላይ ነው የምትቆመው። መጀመሪያ አቃሰተች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀሰረችና እንደ ውሻ ቁጢጥ አለች።

የጮኸውን፣ የወደቀውን፣ ማርያም ማርያም ያለውን አልዘረዝርም። ቄሱ ደረጃው ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ ሲሄድባቸው ከነጃንጥላቸው ውጭ ቀርተው "እግዚኦ!" ይላሉ። ዶሮ ወጡ ከነድስቱ እየተንሸራተተ መጣና ጋሽ ወርቁ ነጭ ሱሪ ላይ አረፈ። ደግነቱ በረድ ብሎ ነበር። እትዬ ለተብርሃን ጽዋውን ደረቷ ላይ አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጠብታ አልፈሰሰም።

ምዋሊሙ "ፖሌ ሳና፣ ፖሌ ሳና" እያለ፣ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው፣ ፎጣ ይዞ መጣና ሁላችንንም በረንዳው ላይ ሰበሰበን። ጋሽ ወርቁ ሱሪያቸውን አስጠርገው ሲጨርሱ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሊፈርዱ መሆኑን ሁላችንም ዐወቅን።

"ለተብርሃን፣ ይህ ቤት አይደለም፤ መኪና ነው። ጎማውን አውልቂና ድንጋይ ላይ አስቀምጪው። ያኔ ተራሽ ይመለስልሻል።"

"ጋሽ ወርቁ፣ እግር ይገጠምላት ይበሉኝ፣ እገጥምላታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዳንቴል አስቀድሜ ነው። ጎማውን ግን አላወልቅም።"

"ለምን?"

"ጎማውን ያወለቅኩ ቀን እዚህ ቀረሁ ማለት ነው።"

"እንግዲያው ተራ የለሽም።"

"እመቤታችን ቁስቋም ያረፈችበት ቤት መሠረት ነበረው?"

"እመቤታችን ዶሮ ወጥ አልደፋችብኝም!"

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። እኔ ነኝ። ለብዙ ጊዜ አላናገረችኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ካራቫኗ ልትዳር ነው ይል ነበር። በመጀመሪያ እግሩ መጣ። ከተሰባበረ ካራቫን ላይ አራቱንም ፈትተን፣ ዝገቱን ፍቀን ገጠምንላት። እትዬ ለተብርሃን ግን በእኔ ቃል አልረካችም። የወርክሾፑን ሰው በሙሉ እሑድ ጠርታ ኋላዋ ላይ ደርድራ አቆመችና "ዝለሉ!" አለች። ዘለልን። አልተነቃነቀችም። "እንደገና!" አለች። እንደገና ዘለልን።

ቀጥሎ ከሥር ክብደቷን የሚሸከመውን ባሌስትራ አስለወጠች፤ የተኛውን አውጥተን ወፈር ያለ አስገባንላት። ከዚያ ከወርክሾፑ ከተረፈ አረንጓዴና ነጭ ሸራ፣ ከጣሪያዋ ጫፍ ተዘርግቶ በቀጭን ብረት የሚቆም ሰፊ ጥላ ሰፋችላት። ዝናብ ቢመጣም ማኅበሩ ከነቄሱ ሥሩ ይቀመጣል። አንድ ቀን ደግሞ የእንጨት ደረጃ ባለ መደገፊያ ሥራልኝ አለችኝ፤ ዝቅ ዝቅ ያለ መርገጫ ያለው።

"ለማን ነው?"

"ጉልበቱን ለሚያመው" አለች፤ ስፒል በአፏ። ከማኅበራችን ጉልበቱን የሚያመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የከለከላት ሰውዬ።

መጨረሻ ላይ ቀሚሱ መጣ። ከወገቧ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ዙሪያዋን የሚታሰር የሸራ ቀሚስ ነው። ፈረንጆቹም ሥሯ ብርድና ንፋስ እንዳይገባ ያደርጉታል፤ የእሷ ግን ሽንሽን ነበረው። ስታስረው ፊቷን ልብ ብዬ አየሁት። ከፍቷት ነበር። ላሜራውን በመዳፏ ዳበስ እያደረገች፣ "አይዞሽ" አለቻት፤ "ለብርድ ነው።"

ጋሽ ወርቁ ሊያዩ መጡ። በአዲሱ ደረጃ መደገፊያውን ይዘው ወጡ፣ ኋላዋ ድረስ ሄደው በከዘራቸው ወለሉን መቱ፣ ወረዱ። ዙሪያዋን ዞሩ። ጎማው ያለበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቀሚሱ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ጫፉን በከዘራቸው ገለጥ ቢያደርጉ ያዩታል። እትዬ ለተብርሃን እጇን አጣምራ ትጠብቃለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ጎማ አይታየኝም" አሉ ጋሽ ወርቁ።

ሁላችንም ከዘራቸውን እናያለን።

"ዳኛ ያላየውን አይፈርድም" አሉና ከዘራቸውን አነሡ። "ለኅዳር አንቺ ነሽ።"

እልል ያለው ምዋሊሙ ነው። ነገሩ ባይገባውም ደስታው ገብቶታል።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ሳስባቸው ሆዴ ይባባል። ድሆች ነበርን፤ ወረቀታችን የተሟላ አልነበረም፤ ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ የማን ልጅ ዘመተ፣ የማን ልጅ ቀረ ነበር። ግን ኅዳር ሲመጣ አረንጓዴና ነጩ ሸራ ይዘረጋል፣ የከሰል ምድጃው፣ ጂኮው፣ ይቀጣጠላል፣ አቮካዶው ሸራው ላይ ዱብ ሲል ሕፃናቱ ይሯሯጣሉ። እሷ ለካራቫኗ አንድ ነገር ሳትጨምርላት አንድም ዓመት አታልፍም፤ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ የውሃ በርሜል ከነቧንቧው፣ ለመስኮቱ የትንኝ ወንፊት። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀሚሱን ጫፍ ገልጣ ፖምፓዋን ትረግጣለች። ጋሽ ወርቁ በዚያ ሰዓት ከደረሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለ ዛፉ ይጠይቋት ነበር።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ወራት ጋሽ ወርቁ በሚኖሩበት ቤት ደረጃ ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ፤ እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልቆሙም። የመንግሥቱን መውደቅ የሰሙት ተኝተው ነው። እኛ አስፋልት ላይ ስንጨፍር እሳቸው ጣሪያ ያያሉ። ብዙም ሳይቆይ ማኅበርተኛው በአውቶቡስም በጭነት መኪናም ወደ አገሩ ይጎርፍ ጀመር። እሳቸው እንኳን በአውቶቡስ ወንበር ሊቀመጡ፣ በትራስ ተደግፈው መዋልም አይችሉም። አውሮፕላን ለእኛ ዓይነቱ ወሬ ነበር። "የአገሬን አፈር ብቻ" ይሉ ነበር፤ ሌላ አይሉም። ሰው ለምነው የሚያውቁ አይደሉም።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ከአልጋቸው አጠገብ እንደተቀመጥኩ እትዬ ለተብርሃን ሜትሯን ይዛ ገባች። ሰላምታም ሳትሰጥ ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግራቸው ለካቻቸው።

"ምን ልታደርጊ ነው? ሳጥን ልትሠሪልኝ?" አሏት።

"አልጋ። ልብስዎን ያሰናዱ፤ ይርጋለም አደርስዎታለሁ።"

"በምን?"

"በጎማ።"

ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ያለቀሱ መሰለኝ። በኋላ፣ "ያኔ ይግባኝ ብትይ ኖሮ ፍርዱን እሽረው ነበር" አሏት።

"ያኔ ሱሪዎ ገና አልደረቀም ነበር" አለቻቸው።

ዳንቴሉን አወረደችው፤ አቧራ ይዛል ብላ። አንዱን መቀመጫ አውጥተን በስፖንጅ የተሞላ፣ በግራና በቀኝ መከለያ ያለው አልጋ ሠራን። ከጣሪያው ላይ ይዘው የሚነሡበት ገመድ አንጠለጠልንላቸው። የሚጎትታት የሰዒድ መኪና ነው። "ዕድሜ ልኬን ቅጠል ስጭን ኖሬ አሁን ቤት ልጎትት!" እያለ የመጎተቻውን ጋንቾ ራሱ ገጠመ።

ጠዋት ነው የሄዱት። ከማኅበሩ የቀረነው ሁሉ ዛፉ ሥር ተሰብስበናል። እትዬ ለተብርሃን ተንበርክካ የቀሚሱን ማሰሪያ ፈታችና ሸራውን ጠቅልላ ያዘችው። ሁለቱ ጎማዎች ወጡ። ጥቁር፣ ሙሉ፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጡ ይመስላሉ። ጋሽ ወርቁን በቃሬዛ ተሸክመን አስገባናቸውና፣ ልንሰናበት እኔና ሌሎቹ አልጋቸው ዙሪያ ተቀመጥን። በመጨረሻ እሷ በደረጃው ወጥታ በሩ ላይ ታየች።

ጋሽ ወርቁ ገመዱን ያዙ። ፊታቸው በሕመም ተጨማደደ። ትከሻቸው ብቻ ከትራሱ ተነሣ።

"ኖር" አሉ።

ከቄስ በቀር ለማንም ሲነሡ አይተናቸው አናውቅም። ሁላችንም ብድግ አልን፤ ቦታ ለመልቀቅም ወደ ኋላ ሸሸን። ካራቫኗ ግን ገና እግሯ አልተነሣም ነበርና ንቅንቅ አላለችም።

"በእግዜር" አለች እትዬ ለተብርሃን። ስፒል አፏ ውስጥ አልነበረም።

መንገዱን ሰዒድ ነው የነገረኝ። ወደ ሞያሌ ሲወጡ ከማርሳቢት ወዲያ ያለው ድንጋይ የመኪናውን መስታወት ሲሰብር ባሌስትራዋ ችሎታል። ድንበሩ ላይ ያን ሰሞን ሁሉም ወደ ቤቱ የሚሄድበት ጊዜ ስለነበር "ቤቴን ነው የያዝኩት" ስትላቸው ስቀው አሳለፏት። ጋሽ ወርቁ ይርጋለም ገብተው፣ ከዘመድ ጋር ተላቅሰው፣ የሚቀጥለውን ኅዳር ቁስቋም በግቢያቸው ዘከሩ። ትልቅ ቤት እያላቸው ማኅበሩን ሸራው ሥር አስቀመጡት። ከጥምቀት በኋላ አረፉ።

እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ ምክንያቱ የራሴ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ አይቻታለሁ። የጋሽ ወርቁ እኅት ልጅ አትሄጂብኝም ብላ እዚያው ግቢ ይዛታለች። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል። የደረስኩት ቅዳሜ ነበር፤ ፖምፓዋን እየረገጠች አገኘኋት።

"እትዬ፣ አገርሽ ገብተሽ የለም እንዴ? አሁንስ ጎማው ለምንሽ ነው?"

"ዋእ!" አለችኝ። "አሥመራ ያለውን የወላጅ እናቴን መቃብር ሳላይ ልሙት? ለመስከረም ነው የምሄደው።"

የዚያ ዓመት መስከረም አልሄደችም፤ በተከታዩም እንዲሁ። አንዴ እሷ ታመመች፣ አንዴ መንገዱ ተዘጋ፣ ኋላ ጭራሽ የኤርትራ ድንበር ተዘጋ። በስልክ ባገኘኋት ቁጥር "ለመስከረም" ትለኝ ነበር። ቤቷን ትታ በሌላ መንገድ ብትሞክር ኖሮ ይሳካላት እንደሆነ አላውቅም። ጥዬው አልወጣም ብላለች፤ አልወጣችም።

ስልኩ ጮኸ። ሰዒድ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ከኋላው የለቀስተኛው ጉርምርምታ ይሰማኛል።

"አየሁልህ" አለኝ። "ቀሚሱን ገልጬ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩት።"

"እሺ?"

"ሙሉ ነው፤ እንደ ድንጋይ ነው" አለኝ።